በሞቴ የማይል ወንበር

ወይዘሮ ደብሪቱ ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ እያጣጠፉ ሳሉ የአውሮፕላኑ ወንበር በለስላሳ ድምፅ ጠየቃቸው።

«ምሳ ላቅርብልዎ?»

«አይ፣ ይቅርብኝ፤ አትቸገር» አሉት።

የወንበሩ አረንጓዴ መብራት ጠፋ። እርሳቸውም እስኪደግምላቸው ጠበቁ። በዚህ ዘመን ግን ወንበርም ሆነ በር፣ ሱቅም ሆነ ሐኪም ቤት የሚጠይቀው አንዴ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው መልስ ይጸናል። ልጃቸው ወዳለችበት ሞንቴቪዴዮ ለመድረስ ገና አሥራ አራት ሰዓት ቀርቷቸዋል፤ ከቤት ሲወጡም እህል አልቀመሱም።

አጠገባቸው የተቀመጠችው ረድኤት የምትባል ወጣት ምስር የተሞላ ዳቦዋን ከፈተች።

«እማማ፣ እንብላ።»

«ብዪ ልጄ፣ ጠግቤያለሁ።»

«እሺ» አለችና መብላት ጀመረች።

ወይዘሮ ደብሪቱ ደነገጡ። ሆዳቸው ጮኸ። ይሉኝታ ቢይዛቸውም ወደ ልጅቷ ጠጋ አሉ።

«እስቲ አንዴ ድገሚልኝ።»

«ምኑን?»

«እንብላ ያልሽውን።»

«እንብላ፣ እማማ?»

«አይ፣ ተመስገን፣ በልቻለሁ» የሚለው አመለጣቸው። ረድኤት ግራ ተጋብታ ስታያቸው እጃቸውን አወናጨፉ። «የኔ ልጅ፣ በሞቴ የሚባለው እኮ አሁን ነው!»

ረድኤት በሳቅ ፈነዳች። ቃሉን ታውቀዋለች፤ ብላው ግን አታውቅም።

«በሞቴ ይብሉ! አፈር ስሆን!»

«እንግዲህ ካልሽ» ብለው ግማሹን ተቀበሏት። ሳይቸኩሉ፣ እያጣጣሙ በሉ። ሲጨርሱ ፍርፋሪውን በመሐረብ ሰበሰቡና ትንሿን ጠረጴዛ አጥፈው ወደ ቦታዋ መለሱ።