ቢጫዋ ነጥብ

"እኔ እዚሁ ላፕቶፕ እገጥምልሽ አልነበር?" አላት ኮምፒውተር ጠጋኙ ካቻቢቴውን እያነሳ። "የኔ ቢበላሽ ደጄ ላይ ቆመሽ ታዋርጂኛለሽ። የድንበር ማዶውን ሻጭ የት አግኝተሽ ትጮኺበታለሽ?"

"ሻጩን ያገኘልኝ እኮ ወንድሜ ነው፤ እንደፈለግሽው አድርጎ ይሠራልሻል ብሎ ጻፈልኝ" አለች እየሳቀች። "ጋሼ፣ ቅናቱን ይተዉትና ይዩልኝ። ዛሬ ጠዋት ነው የደረሰኝ፤ ከአሁኑ ይግላል።"

ላፕቶፑ ላዩ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ጠጋኙ ገለበጠውና ካቻቢቴውን ወደ መጀመሪያው ብሎን ሲሰድ እጁ ቀጥ አለ። ብሎኑ ራስ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ቢጫ ነጥብ አለች። ገጥሞ የጨረሰውን ማሽን ሁሉ በሚስቱ የጥፍር ቀለም እንዲህ ምልክት ያደርግበታል፤ ሌላ ሰው ከፈታው ቀለሙ ይሰነጠቃል። ይህኛው አልተሰነጠቀም። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ። ከባትሪው ሥር በገዛ እጁ በእርሳስ የጻፈው የደንበኛ ቅጽል ስም ነበር፦ "ቀጮ"።

ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። ወንድሟን በዚህ ስም የማይጠራው የሰፈር ሰው አልነበረም። ላፕቶፑን ይዞት የወጣው ድንበር ሊሻገር ሲነሳ ነው።

"ስልኬ ስለተበላሸ በላፕቶፔ ነው የምጽፍልሽ ሲለኝ ነው የከረመው" አለች። "ትናንትም ጽፎልኛል።"

ጠጋኙ ላፕቶፑ የመጣበት ካርቶን ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አነበበ። እቃው ከተላከ ወር አልፎታል።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልኳ በራ። ከወንድሟ ነበር።

"እህት ዓለም፣ እቃው ደረሰሽ? ሌላ ሰው አልከፈተውም አይደል?"