ጠማማው ትልም

ያርጋል ከጎንደር በተመለሰ ማግስት ማለዳ፣ ከደጁ ወጥቶ እርሻውን አየ። ትልሙ እንደ እባብ ተጥመልምሏል። አንዱን ዓይኑን በልጅነቱ እሾህ አጥፍቶበታል፤ በቀረው ዓይኑ ውስጠኛ ግድግዳ ሥር የበቀለውን ክፉ የደም ሥር ደግሞ በሌዘር ጨረር አስተኩሶ መምጣቱ ነበር። ሐኪሟ "ቀጥ ያለ ነገር ጎብጦ ከታየዎት ቶሎ ይመለሱ" ብላዋለች።

"አልዳንሁም" አላት ሚስቱን። "ትልሙ ሁሉ ጠሞብኛል።"

እሷ ከግድግዳው የተደገፈውን የባሕር ዛፍ ዘንግ አንስታ ፊቱ አቆመችው። "ይኸሳ?"

"እሱማ ቀጥ ያለ ነው።"

"እንግዲያ ዓይንህ ድኗል። የጠመመው እርሻው ነው። ታመህ ስታርሰው ቀጥ ያለ መስሎህ ነበር፤ ልብህ እንዳይሰበር ብለን አገሩ ሁሉ ዝም አልን።"

ያርጋል ዘንጉን አየ፤ ትልሙንም ደግሞ አየ። "ከደባርቅ የሚወርደው መንገደኛ ሁሉ አይቶታላ?"

"ሳያየው ያለፈ የለም።"

ያርጋል አፈረ። እያንዳንዱን ጉብጠት ጥርት አድርጎ እያየ አፈረ፤ በዕድሜው እንዲህ ደስ እያለው አፍሮ አያውቅም።