ጥላ የሚያሳየው ፕሮግራም

እናንተዬ፣ ጉዴን ስሙኝ።

ልጄ ሮቤራ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ ከፍቶ፣ ስልኩን አጠገቡ አድርጎ፣ እኔን እናቱን «ሃርሜ፣ በየቱ ልሳለው?» ይለኛል። ቤታችን ላይ ፎቅ ልንጨምር ነው። ሲያገባ ከእኔ ርቆ ቤት እንዳይከራይ ስንት ዓመት ጌታን የለመንኩበት ነገር ነው።

የስልኩ ፕሮግራም መስመር ብቻ ነው፤ በሩ እዚህ ጋ፣ መስኮቱ እዚያ ጋ። የላፕቶፑ ግን ቤቱን ልክ እንደ ፎቶ አቁሞ ያሳያል። ጎረቤቴ ሐረግወይን መጥታ አብራን እያየች ነው። መርቃን አልጠገበችም።

«የእኛንም ግቢ ክተተው እንጂ» አለችው። «ቀለምም ቀባልኝ። ወልደዮሐንስ እንደሆነ ከተጋባን ጀምሮ እቀባለሁ እንዳለኝ ነው።»

«እሺ እትዬ፣ ዛሬውኑ» አላት እየሳቀ።

አጥሩን አስገባ፣ ቆርቆሯቸውን አስገባ። «ይሄኛው ፀሐይም አለው» ብሎ የጠዋቱን ሁለት ሰዓት ነካ።

የፎቃችን ጥላ አጥሩን ተሻግሮ ግቢያቸው ላይ ተኛ። ሦስት ሰዓት አደረገው፤ እዚያው ነው። አራት ሰዓት ላይ ገና መሸሽ ጀመረ።

ክው ብዬ ቀረሁ። የሐረግወይን ባል ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ካለው ሦስት ዓመቱ ነው። ጠዋት ጠዋት ደግፋ አውጥታ እዚያችው ቦታ ታስቀምጠዋለች። ፀሐይ ሲያገኘው ጣቶቹ ይፍታታሉ፣ ስኒውን ራሱ ይይዛል። አራት ሰዓት ላይ ሱቋን ልትከፍት ስትሄድ ታስገባዋለች።

«ስዕል አይደል እንዴ» አለች ሐረግወይን ቀስ ብላ። ነጠላዋን አስተካከለች። «በሉ ልሂድ፣ ብቻውን ነው።»

በሩ ሲዘጋ ሮቤራ ወደ እኔ ዞረ። «ሃርሜ፣ በስልኩ ልሳለው? እሱ ጥላ አያሳይም።»

ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ «አዎ» ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። እኔ። ከእሷ ጋር ሃያ ዓመት በአንድ አጥር የኖርኩት።

ዘወር ብዬ በመስኮት አየሁ። ሐረግወይን የባሏን ባዶ ወንበር ከቦታው አንስታ ወደ ሽንት ቤቱ ጥግ ወሰደችው። አስቀመጠችና ቀና ብላ ጣሪያችንን አየች። ከዚያ ትንሽ ደግሞ ወደዚያ ገፋችው።

ልጄ መልሴን እየጠበቀ ነው። እባካችሁ፣ ጸልዩልኝ።