ለሁለት የተካፈለው ኳርትዝ

ወንዳፍራሽ የሰው ድንጋይ አጥቦ የሚያድር ሰው ነው። ናይሮቢ ውስጥ ድንጋይ የሚሰበስቡ ፈረንጆች እንዳሉ ሲሰማ መጀመሪያ ስቆ ነበር፤ አሁን እንጀራው ሆነዋል። ኳርትዛቸውን አሲድ ውስጥ ነክሮ ዝገቱን ያስለቅቃል፣ ብር መሳዩን ጋሌና በለስላሳ ብሩሽ ይጠርጋል፣ ወርቅ መሳዩን ፓይራይት ግን ውሃ አያስነካውም።

ኪሊማኒ ሰፈር ያለችው ቤቱም በራሱ ድንጋዮች ተሞልታለች። ሚስቱ ፋንቱ አቧራቸውን በጠረገች ቁጥር ታበሽቀዋለች። ከወንዝ ዳር ለቅሞ ያመጣላትን ጥቁር የነጭ ሽንኩርት መውቀጫ እያሳየች፣ «ከድንጋዮችህ ሁሉ ሥራ የያዘው ይኸው አንዱ ነው» ትለዋለች። እሱም ይስቃል።

በ1988 ዓ.ም. ጥር ላይ ሩንዳ ሰፈር የሚኖር አንድ ጡረተኛ ፈረንጅ ስብስቡን እንዲያጸዳለት ጠራው። ወንዳፍራሽ የመስታወቱን ቁም ሣጥን ከፍቶ ብሩሹን እንዳነሳ እጁ አየር ላይ ቀረ።

ግማሽ ኳርትዝ ነበር። ጥርት ያለ፣ እግሩ ላይ ቁራጭ ስኳር የሚያክል ፓይራይት ለሁለት ተገምሶ የቀረበት። ያውቀዋል። የሰበረው ራሱ ነው።

ከአገር ሲወጣ ሞያሌ ላይ ወባ ጥሎት ነበር። ኑሬ የሚባል የማያውቀው የጨርቅ ነጋዴ በጀርባው ተሸክሞ ድንበር አሻገረው። ወንዳፍራሽ ሲሻለው የሚሰጠው ነገር አጣና ከቦርሳው ያንን ኳርትዝ አውጥቶ በመዶሻ ለሁለት ከፈለው። ኑሬ ግማሾቹን ለየብቻ በአቡጀዲ ጠቅልሎ ጥብቅ አድርጎ ቋጠራቸውና አንድ አንድ ተካፈሉ። ከዚያም አገራቸው ገብተው አብረው እስኪፈቱት ድረስ ማንም ላይነካው፣ አንዱ በመጽሐፍ ቅዱሱ ሌላው በቁርዓኑ ተማማሉ።

«ይሄን ከየት አገኙት?» ሲል ፈረንጁን ጠየቀው።

«ደላላ ነው ያመጣልኝ። ኢስሊ ከአንድ ኢትዮጵያዊ እንደገዛው ነግሮኛል።»

ኢስሊ ውስጥ ኢትዮጵያዊ ሞልቷል። እዚያ ሱቅ ከፍቶ ሌላኛው ግማሽ ያለው ግን ኑሬ ብቻ ነው።

ቤቱ ሲገባ ፋንቱ ወጥ ልትሠራ ነጭ ሽንኩርት በሶዳ ጠርሙስ ቂጥ ትወቅጣለች። ጥግ ላይ በቅርቡ እቁብ ደረሰኝ ብላ የገዛችው የልብስ ስፌት መኪና ከኢስሊ ባመጣችው ጨርቅ ተሸፍኖ ቆሟል። ሰላም ሳይላት ከአልጋው ሥር ሣጥኑን ጎትቶ ከፈተ። የራሱ ጥቅል እንደተቋጠረ አለ። አንስቶ በእጁ መዘነው፤ ከባድ ነው። መልሶ አስቀመጠው።

«ምን ሆነሃል?» አለችው።

«ኑሬ ድንጋዩን ሸጦታል። ሩንዳ በዓይኔ አየሁት።»

ፋንቱ ጠርሙሱን አስቀመጠች።

«ነጋዴ አይደል፤ ቸግሮት ይሆናል» አለች። «ተወው በቃ ወንዴ። ድንጋይ ነው እኮ።»

እሱ ግን አልተወውም። እንደ ወንድሙ የሚያየው ሰው ያንን ከሸጠ እሱንም ሸጦታል። ኑሬ ሊጠይቀው ሲመጣ በሩን ዘጋበት። ቤተ ክርስቲያን ላገኘው ሰው ሁሉ «ከሃዲ ነው» አለ። ወሬው በማታቱ ታክሲ ተሳፍሮ ኢስሊ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። የኑሬ ደንበኞች ሰላምታ ነሱት፤ በስሙ ያምኑት የነበሩ ነጋዴዎች በሱቁ በር ፊታቸውን አዙረው ማለፍ ጀመሩ። ለስደተኛ ነጋዴ ስሙ ሱቁ ነው። ያ ከሄደ ኑሬ ምንም አይቀረውም።

በመጨረሻ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ቶሎሳ ገቡበት። ኑሬ ሱቅ ውስጥ ሊያገናኟቸው ቀጠሩ፤ ሁለቱም ጥቅላቸውን ይዘው እንዲመጡ አዘዙ።

«ያንተን ምን አስያዘህ?» አለችው ፋንቱ በቀጠሮው ቀን ጠዋት። «ጥፋተኛው እሱ ነው። መንገድ ላይ ትሰብረዋለህ።»

«አብሬህ ልምጣ አትይም?»

«ልብስ የሚረከብ ሰው አለብኝ።»

ኑሬ ጥቅሉን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠበቃቸው። ከስቷል። ወንዳፍራሽ በስንት ልመና ከፈረንጁ የተዋሰውን ግማሽ ጠረጴዛው ላይ አኖረና «ፍታው» አለው።

«አልፈታም። አገር ስንገባ ብለናል» አለ ኑሬ። «ወላሂ፣ እጄን እንኳ አላሳረፍኩበትም። ቋጠሮውን እየው።»

«ቋጠሮማ ማንም ይቋጥራል።»

ኑሬ ቀና ብሎ አየው። «ያኔ ጀርባዬ ላይ ሆነህ፣ ወዴት ነው የምትወስደኝ ብለህ አልጠየቅከኝም።»

«ልጄ፣» አሉ ጋሽ ቶሎሳ፣ «ንጹሕ ከሆንክ ብትፈታው ምን ይጎዳሃል?»

«መሐላዬን ይጎዳዋል፣ ጋሼ።»

ወንዳፍራሽ በምሬት ሳቀ። መሐላ ያፈረሰ ሰው በመሐላ ሲከለል ማየት አንገበገበው። «አዩት፣ ጋሼ? ለመፍታት የፈራው ለምን እንደሆነ ገባዎት? እንግዲያው እኔ ልፍታ። የኔ ግማሽ ከዚህ ጋር ሲገጥም የተሸጠው የማን እንደሆነ ይመሰክራሉ።»

ጥቅሉን ከሩንዳው ግማሽ አጠገብ አስቀመጠ። ቋጠሮውን ሳበው፤ በአንድ ጊዜ ተፈታ።

ከአቡጀዲው ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚሸት ጥቁር የወንዝ ድንጋይ ወጣ።