ግድግዳ የምትበላው ሙሽራ

«አፍሽን ክፈቺ!»

ጠይባ አልከፈተችም… እንዴት ትክፈት? አፏ ሙሉ አፈር ነው።

ከፊቷ የቆሙት ደግሞ ሌላ ሰው አይደሉም… የወደፊት አማቷ፣ ወይዘሮ ኡምኩልሱም ናቸው።

ለጥየቃ መጥተው፣ ውዱእ ሊያደርጉ ውሃ ይዘው ወደ ጓሮ ቢወጡ፣ የልጃቸው እጮኛ የቤቱን ምርጊት በጥፍሯ እየፋቀች ስትበላ አገኟት።

ኒካው ሊታሰር አሥራ አምስት ቀን ብቻ ቀርቶታል!

የጠይባ እናት ድምፅ ሰምተው እየሮጡ መጡ። ግድግዳውን አዩ… የልጃቸውን ከንፈር አዩ…

ለካ ያቺን የግድግዳ ቀዳዳ የቆፈረችው አይጥ አይደለችም! ሰሞኑን በእሾህ ሲወትፏት የከረሙት እኮ እሳቸው ናቸው።

«ሱብሃነላህ!» ብለው ደረታቸውን ያዙ።

አፈር ያማራት ሴት እዚያ ሰፈር ምን እንደምትባል መቼም አይጠፋችሁም… አርግዛለች ነው። አለቀ።

ጠይባ ከሪያድ ከተመለሰች ገና ሦስት ወሯ ነው። እጮኛዋ ይመር ደግሞ ሹፌር ነው፤ ከደሴ መካነ ሰላም ሲመላለስ ነው የሚውለው። ከእሷ ጋር ብቻውን ተቀምጦ እንኳ አያውቅም።

«ከማን ነው?» አሉ እናቷ፣ ክንዷን ጨብጠው።

«ወላሂ እማ፣ ምንም የለም! ያምረኛል… በቃ ያምረኛል!»

ይባስ ብላ «ያምረኛል» አለቻቸው!

እውነቱ ግን ያው ነበር። ሪያድ እያለችም ከፍሪጅ በረዶ እያወጣች ስትቆረጥም ነበር የምትውለው። ማዳሟ «ጥርስሽ ሊረግፍ ነው» እያለች ትስቅባት ነበር። እናቷ ቤት ፍሪጅ የለ… በበረዶው ፋንታ አፈር መጣ።

ወይዘሮ ኡምኩልሱም አንዲት ቃል አልጨመሩም። ፊታቸው ተለዋወጠ…

«ነገ ጠዋት ሁለታችሁም ተዘጋጅታችሁ ጠብቁኝ» ብለው ወጡ። ውሃቸውን እንኳ እዚያው ረሱት።

አለቀላት። ኒካው ፈረሰ… ወሬው አቀስታ ከተማ ለመድረስ ቀን አይፈጅበትም።

በነጋታው ሦስቱም ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስደውን ዳገት ተያያዙት።

ጠይባ ሦስት ቦታ ቆመች። ልቧ ድው ድው ይላል… ዓይኗ ብዥ ይላል… ስልሳ ዓመት የሞላቸው ወይዘሮ ኡምኩልሱም ግን ቀድመዋት እየቆሙ ይጠብቋታል።

መንገድ ላይ ያገኛቸው ሁሉ «ወዴት ነው?» ሲል፣ የወይዘሮ ኡምኩልሱም መልስ አንድ ነው።

«ልጄን ላሳክም።»

ልጄን? ጠይባ ጆሮዋን አላመነችም።

ነርሷ ሲስተር ሙሉሐረግ የጠይባን የታችኛውን የዓይን ቆብ ገለጥ አድርጋ አየች… ነጣ ብሏል። መዳፏን አየች… እሱም ነጣ ብሏል። ጥፍሮቿ እንደ ማንኪያ ጎድጉደዋል።

መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ ተደረገ።

«የለም» አለች ሲስተር።

እናት ወለሉ ላይ ዘጭ አሉ… «አልሃምዱሊላህ! አልሃምዱሊላህ!»

ቀጥሎ የደሟ መጠን ታየ። ቢያንስ አሥራ ሁለት መሆን የነበረበት ቁጥር… ሰባት!

«ደም ማነስ ነው። ብረት አጥሯታል።»

«ብረት?!» እናት ከወለሉ ብድግ አሉ። «አፈሩ ሲገርመን ደግሞ ብረት ልትበላ ነው?»

ሲስተር ሳቋ አመለጣት።

«ሚስማር እኮ አይደለም እናቴ! በምስር፣ በጎመን፣ በሥጋ ውስጥ ያለ ነው። ሰውነት ደም የሚሠራው በእሱ ነው። ሲያጥር ሰው ይደክመዋል፣ ልቡ ይመታል… አንዳንዱን ደግሞ አፈርና በረዶ ያሰኘዋል። እርጉዝ ሆነችም አልሆነች።»

ዝግ ብላ ጠይባን ጠየቀቻት። ለካ የወር አበባዋ ለዓመታት ስምንት ቀን ሲፈስ ኖሯል… ሰው አገር፣ ለማን ትናገር? በልታ በተነሳች ቁጥር ደግሞ ሻይ ነው። ሻዩ ከምግቡ የምታገኘውን ጥቂት ብረት እንኳ ያስቀርባታል።

«አብሽሪ፣ የሚድን ነው» አለቻት። «ኪኒኑን በብርቱካን ጭማቂ ዋጪው። ሻይና ቡና ከምግብና ከኪኒኑ ይራቅ። ሰገራሽ ይጠቁራል፣ እንዳትደነግጪ። ተሻለኝ ብለሽም እንዳታቋርጪ፣ ወራት ይፈልጋል። ደሙ ለምን እንደሚበዛም እናያለን።»

ከዚያ ወደ ወይዘሮ ኡምኩልሱም ዞረች።

«እርስዎ ግን… ሰው ሁሉ አርግዛለች በሚልበት፣ ወደዚህ ማምጣት እንዴት ታሰበዎት?»

ወይዘሮ ኡምኩልሱም የሻሻቸውን ጫፍ ያዝ አደረጉና፣

«እኔም በልቼዋለሁ» አሉ።



«ያኔ አገሬ ወግዲ ነበርኩ… የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ። የእጮኛዬ እናት ግድግዳ ስፍቅ አየችኝ። አርግዛለች ብላ ኒካዬን አስቀረችው። አገሩ ሁሉ ሆዴን እያየ ዘጠኝ ወር ጠበቀ… ልጅ አልመጣም። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ሊለኝ የመጣ ሰውም የለም። ደም ማነስ መሆኑን ያወቅኩት ከስንት ዓመት በኋላ፣ ይመርን ስወልድ ሐኪም ሲነግረኝ ነው።»

«ታዲያ ትናንት ለምን ዝም አሉኝ?» አለች ጠይባ፣ እንባዋ እየወረደ።

«አፌን ብከፍት ልቅሶዬ ሊቀድመኝ ሆነ! እርግዝናውን ያስመረመርኩሽስ ለእኔ ብዬ መሰለሽ? ለእናትሽ ነው… ልቧ እንዲያርፍ።»

ይኼኔ የጠይባ እናት ልጃቸውን አቀፉ።

«አውፍ በይኝ ልጄ… አውፍ በይኝ!»

ወይዘሮ ኡምኩልሱም ፊታቸውን በሻሻቸው ጠረጉ። ያቺን ቃል አርባ ዓመት ጠብቀዋታል… ለሌላ ሰው ስትባል ሰምተው እንኳ ቀለላቸው።

ኒካው በቀኑ ታሰረ። የጓሮውን ቀዳዳ የመረጉት ሁለቱ እናቶች ናቸው። ጠይባ ዛሬ ያንን ዳገት ሳትቆም ትወጣዋለች፤ አፈሩም ድራሹ ጠፍቷል። ይመር ግን አሁንም በቀልዱ አለቀቃትም… «አዲሱን ቤት በብሎኬት ነው የምሠራው» ይላታል።

ወገኖቼ… የሰው ፊት ገርጥቶ፣ ትንፋሹ አጥሮ ስታዩ ታሪክ አትፍጠሩለት። አስመርምሩት። አንዲት ጠብታ ደም የምትፈታውን ነገር በሐሜት አርባ ዓመት አናስቆየው።

እስቲ ከልባችሁ ንገሩኝ… በጠይባ እናት ቦታ ብትሆኑ፣ መጀመሪያ ከአፋችሁ የሚወጣው የትኛው ነበር… «ከማን ነው?» ወይስ «ምን ሆንሽ?»