ገደብ የለሹ ጥቅል

የስፌት አስተማሪዋ ትዕግሥት ያለቀው አራት ተማሪዎቿ ትምህርቱን ባንድ ሳምንት ሲያቋርጡ ነው። የቀሯት ሰባት ናቸው፤ ከእነሱ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ወሩ ሲጋመስ ኢንተርኔቱ ይዝላል፤ መቀሷ ጨርቁን ቆርጦ ሲጨርስ ተማሪዎቿ በየቤታቸው በስክሪን የሚያዩት ምስል ገና ከጠመኔው መስመር ላይ ቆሞ ይቀራል።

በከተማው ያለው ኩባንያ አንድ ብቻ ነው። «ገደብ የለሽ» ብሎ ይሸጣል፤ «ፍትሐዊ አጠቃቀም» ብሎ ያዘገያል። የተበደለም አቤት የሚለው እዚያው ለበዳዩ ነው።

ከፎቅ ጎረቤቷ ከሰዓት ሠሪው ጋር ወደ ኩባንያው ሄዱ። ደግ ሰው ነው። አምና መስመሯ ተበጥሶ ስትቸገር የራሱን የዋይፋይ የይለፍ ቃል ኮምፒውተሯ ላይ የጻፈላት እሱ ነበር። በሳምንቱ ከኩባንያው «ተጠግኗል» የሚል መልእክት ደረሳት፤ እሷም ለውለታው ሁለት ሱሪ አሳጠረችለት።

«ጋሼ፣ ከልክ በላይ ተጠቅመዋል» አለች የመስኮቱ ሠራተኛ። «ሌላው ደንበኛ በእርስዎ ምክንያት እየተጎዳ ነው።»

«እኔ? ጠዋት ዜና፣ ማታ የአየር ጠባይ! ደመና ስቆጥር ነው ይህን ሁሉ የጨረስኩት?»

«የእትዬ ግን ችግር የለበትም። ገደቡ አጠገብ እንኳ አልደረሱም።»

«ታዲያ እኔን የሚጎትተኝ ሰይጣን ነው?» አለች አስተማሪዋ።

«ሲስተሙ የሚለው ይህንን ነው። ካልተመቸዎት መተው ይችላሉ።»

«ትተን ወዴት?»

ሠራተኛዋ ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራች።

ሰዓት ሠሪው መንገዱን ሙሉ ሲብከነከን አስተማሪዋ በእሳቱ ላይ ጭድ ጨመረችበት። «ያባለጋቸው የእኛ ዝምታ ነው፣ ጋሼ! የዋይፋይ ሳጥኑን ነቅለው ይመልሱላቸው። አንድ ደፋር ካልተገኘ እንደ ላም ሲያልቡን ይኖራሉ።»

«እውነትዎን ነው፣ እትዬ። ዜና አጥቶ የሞተ ሰው የለም።»

በማግስቱ ተማሪዎቹ መቀሳቸውን ይዘው ሲጠብቁ፣ አስተማሪዋ ትምህርቱን የከፈተችው ስለ ድፍረት በማውራት ነበር። «ጨርቅም ሆነ ሕይወት፣ የሚፈራ እጅ አያምርበትም። ጎረቤቴን ብታዩት…»

ከላይ ወንበር ሲጎተት ተሰማ። ድምፅ በደረጃው ወረደ።

«እትዬ! ነቀልኩት!»

«እሰይ፣ የኔ ጀግና!» አለች እያጨበጨበች፤ ደስታዋን ልታካፍላቸውም ወደ ተማሪዎቿ ዞረች።

ከስክሪኑ ላይ የቀረው የራሷ ፊት ብቻ ነበር።