ጀርባ ለጀርባ

ሕጉ ሲወጣ እኔና መንታዬ ይመናሹ የሰባት ዓመት ልጆች ነበርን። በሽታ ከዘር ይሁን ከምግብ እንዲለይ፣ ከየመንታው አንዱ ጨው ሳይቀምስ እንዲኖር ታዘዘ። ዕጣው ለእኔ ወጣ። የምንቀምሰውን ሁሉ የሚመዘግብ፣ የጤፍ ፍሬ የሚያህል መሣሪያ ድዳችን ውስጥ ቀበሩብን። ከዚያ ወዲህ እናታችን ሽሮ የምትሠራው በሁለት ድስት ሆነ። እኛም አንዳችን የሌላችንን ሳህን እንዳንመኝ ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈን እንበላ ነበር። አርባ ዓመት እንዲሁ አለፈ።

ዛሬ ጠዋት ጥናቱ አበቃ። ዶክተር ምንተስኖት መሣሪያውን ነቅለው፣ "እንግዲህ አብራችሁ ብሉ" አሉን።

ምሳ ሲቀርብ ግን ሳይታወቀን ጀርባ ተሰጣጥተን ተቀመጥን።

"አንቺ፣ ዙሪ እንጂ" አለች ይመናሹ እየሳቀች።

ዞርኩ። አቡነ ዘበሰማያት ደገምን። ከእሷ ሽሮ ጠቅልላ አጎረሰችኝ። ጨው ምላሴን እንደ እሳት ለበለበኝ፤ ዓይኔ እንባ ሞላ።

"ጨው በዛብሽ? ትፊው፣ ግድ የለም።"

አርባ ዓመት በጸሎቴ የለመንኩት ይህችን ጉርሻ ነበር። ቀስ ብዬ አላምጬ ዋጥኩ።

"ድገሚኝ" አልኳት።